ዳረን ፍሌቸር፦ ያን ኳስ ለምን አልተወውም?

ሠፈር ሜዳ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ትናንት ቢሮ ሻይ እየጠጣን ስለ ስኮት ማክቶሚናይ ወሬ ተነሣ። ሰውየው ናፖሊ በገባበት ዓመት የጣሊያንን ሊግ አነሣ፣ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፣ በ2025 ደግሞ ሐምፕደን ሜዳ ላይ ዴንማርክን 4 ለ 2 ሲያሸንፉ በመቀስ ምት አግብቶ ስኮትላንድ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ እንድትገባ አደረገ። እኔም “ማንቸስተር ዩናይትድ እኮ ከእርሱ በፊት ሌላ ስኮትላንዳዊ አማካይ ነበረው፤ ፍሌቸርን ማን ይረሳል?” አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የተጫዋቾችን የዝውውር ዋጋ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣው፣ “ፍሌቸር ደግሞ ማን ነው?” አለኝ።

ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ላስረዳው ብሞክር የምይዘው አጣሁ። ለዩናይትድ 342 ጨዋታ፣ 24 ግብ፣ አምስት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። ልጁ በስልኩ ፈልጎ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አየና “ምን አደረገ ታዲያ?” አለ። አልፈረድኩበትም፤ የፍሌቸር ሥራ ለቪዲዮ አይመችም። ኳሱ ሊሄድ ወደታሰበበት ቦታ ቀድሞ ቆሞ ተጋጣሚው ሐሳቡን እንዲቀይር ማድረግን ማን ቆርጦ ያስቀምጠዋል?

በመጨረሻ አፌ ላይ የመጣልኝ ያልተጫወተው ጨዋታ ሆነ፤ የ2009 የሮም ፍጻሜ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ። ዩናይትድ ከ2008 እስከ 2011 ሦስት ጊዜ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ሞስኮ ላይ ፍሌቸር ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አመሸ። ሮም ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜው በአርሰናል ሜዳ በኤምሬትስ ባየው ቀይ ካርድ፣ ታግዶ ቀረ። ዌምብሌይ ላይም ሳይገባ ቀረ። ሦስት ፍጻሜ፣ ዜሮ ደቂቃ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ኤምሬትስ ላይ ያን ኳስ ለምን አልተወውም? (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ እንዳትጣሉኝ።)

መድፈኛው፦

ወንድሜ ሠፈር ሜዳ፣ ቁስሌን ነካህብኝ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ነበር፣ የአርበኞች በዓል፣ ሥራ ዝግ። ከምሽቱ 3፡45 ለሚጀምር ጨዋታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ጨዋታ እኛ አርሰናሎች 1 ለ 0 ነበር የተሸነፍነው፤ ተስፋ ነበረን። በ8ኛው ደቂቃ ፓርክ አገባ። በ11ኛው ሮናልዶ ከሩቅ በቅጣት ምት ደገመ። ባለቤቱ ብሩን በር ላይ መሰብሰቡ በጀው እንጂ ግማሹ ሰው ያን ጊዜ ሳይከፍል ይወጣ ነበር።

ሮናልዶ ሦስተኛውን ከጨመረ በኋላ ለፍጻሜው የቀረ ነገር አልነበረም፤ በድምሩ 4 ለ 0። ከዚያ በ75ኛው ደቂቃ ፋብሬጋስ ኳስ ይዞ ሣጥን ውስጥ ገባ። እኛ እንኳን ቀና ብለን አላየንም ማለት ይቻላል። ፍሌቸር ግን ከኋላ እንደ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እየሮጠ መጣና እግሩን ሰደደ። ዳኛው ሮዜቲ፣ ጣሊያናዊው፣ ወደ ኪሱ ገባ። ቀይ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ፍጹም ቅጣት ምቱን ቫን ፐርሲ አገባው፤ በድምሩ 4 ለ 1። አሁን አስሉት። ፍሌቸር ቢተወውና ፋብሬጋስ ቢያገባ ስንት ይሆን ነበር? 4 ለ 1። ያዳነው አንዳች ነገር የለም። የከፈለው ደግሞ የዕድሜ ልኩን ጨዋታ ነው።

ቁጥር 24፦

ኳሱን ነክቷል። መጀመሪያ ኳሱን ነክቷል። ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ኃጢአት ነው።

ስሜን አይታችሁ እንደገመታችሁት (24 የፍሌቸር ማልያ ቁጥር ነው) እኔ ወገንተኛ ነኝ። ዩናይትድ እገዳው እንዲነሣለት ጠይቆ ነበር፤ መልሱ ግን የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበር ደንብ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያነሣው ዳኛው አንዱን ተጫዋች በሌላው ተሳስቶ ሲያሰናብት ብቻ ነው የሚል ሆነ። ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን ያየውን ኳስ ደንቡ አላየውም።

“ለምን አልተወውም” ለሚለው፦ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሠፈር ቡድን አማካይ ሆኜ እጫወታለሁ፤ ደረጃዬ ይቅር። ሰው ከፊታችሁ አምልጦ ሲሮጥ ውጤት አይታሰብም። ውጤት ቆጥሮ የሚሮጥ አማካይ 3 ለ 0 ሲመራም፣ 0 ለ 0 ሲሆንም መቆም ይለምዳል።

ሰማያዊው፦

እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፤ ልጁን ወደ እኔ ላከው። ኅዳር 6 ቀን 2005፣ ኦልድ ትራፎርድ። የሞሪንሆ ቼልሲ 40 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣ። ሮናልዶ አሻገረ፣ ፍሌቸር ከሩቁ ቋሚ በኩል በግንባሩ ገጨ፣ ኳሷ በግብ ጠባቂያችን በቼክ ራስ ላይ ቀስ ብላ እንደ ላባ ወርዳ ገባች። 1 ለ 0። ለሳምንት ከቤት አልወጣሁም።

ሽበት፦

ልጄ ሰማያዊው፣ ግቧን ነገርከን፤ ከግቧ በፊት የነበረውን ሳምንት ግን ዘለልከው። ጣዕሙ ያለው እርሱ ላይ ነው።

ዩናይትድ በጥቅምት 29 በሚድልስብሮ 4 ለ 1 ተሸነፈ። አምበሉ ሮይ ኪን ተጎድቶ ስለነበር አልተጫወተም። የክለቡ ቴሌቪዥን እንዲተነትን ጋበዘው፤ እርሱም የቡድን ጓደኞቹን አንድ በአንድ በስም እየጠራ ወረደባቸው። ዝግጅቱ እንዳይተላለፍ ታገደ፤ ጋዜጦች ግን አገኙት። ከተነቀፉት አንዱ ፍሌቸር ነበር፦ የስኮትላንድ ሰዎች ለምን ይህን ያህል እንደሚያሞግሱት አይገባኝም የሚል መንፈስ ያለው ነገር ነው የተናገረው።

እንግዲህ አስቡት። ሃያ አንድ ዓመትህ ነው። ሲነገር እንደኖረው አንድ ቀን የኪንን ቦታ ትወርሳለህ። ያ ሰው ራሱ በአደባባይ ዋጋህን አወረደው። ከስምንት ቀን በኋላ ቼልሲ ይመጣል። ዕለቱ ደግሞ ፈርጉሰን ኦልድ ትራፎርድ የገባበት 19ኛ ዓመት ነበር፤ ጋዜጦቹ የስንብቱን ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀምረዋል። ግቧን ያገባው ማን ሆነ? በዚያው ወር ክለቡን የለቀቀውስ? ኪን።

እኔ ከፍሌቸር የምወደው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በኪን ላይ አፉን ሲከፍት አልሰማሁም።

መድፈኛው፦

ጋሼ ሽበት፣ ይህን አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን። ቢሆንም ጥያቄው አልተመለሰም።

ክላይድ ዳር፦

ከግላስጎው ሰላምታ። እዚህ ስኖር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ የገባሁት የሐምፕደን ጨዋታ ላይ ዝናቡ ከጎን ነበር የሚመጣው። ስለ ፍሌቸር ሰዎቹን ስትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ቀይ ካርዱን አይደለም፤ ሊቱዌኒያን ነው።

ጥቅምት 2003። ስኮትላንድ ለአውሮፓ ዋንጫ የማጣሪያ ጥሎ ማለፍ ለመግባት ማሸነፍ ያስፈልጋታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ከኤዲንብራ አጠገብ፣ ከዳልኪዝ አካባቢ የመጣ ቀጭን ልጅ ተቀይሮ ገብቶ አገባ፤ 1 ለ 0። በጥሎ ማለፉ ኔዘርላንድስን እዚህ 1 ለ 0 አሸነፉ፤ አምስተርዳም ላይ ግን 6 ለ 0። ከስድስቱ በኋላ ሰው ሁሉ የስኮትላንድን ኳስ ቀበረ። በግንቦት 2004 አሠልጣኙ ቤርቲ ፎክትስ አምበልነቱን ለሃያ ዓመቱ ፍሌቸር ሰጠው። ከ1886 ወዲህ ያን ያህል ወጣት አምበል አልነበራቸውም።

ከዚያ ምን ሆነ? ለ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ምድባቸው ውስጥ ጣሊያንና ፈረንሳይ፣ የ2006 ዓለም ዋንጫ ሁለቱ ፍጻሜ ተፋላሚዎች፣ አብረው ወደቁ። ፈረንሳይን እዚህም ፓሪስም አሸነፏት። በመጨረሻው ጨዋታ ጣሊያን በባከነ ሰዓት በፓኑቺ ግንባር 2 ለ 1 አሸነፈችና ሁሉም ነገር ተበተነ። ያ ጨዋታ የተነሣ እንደሆነ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች አሁንም ለጣሊያን የተሰጠችውን ቅጣት ምት ይረግማሉ።

80 ጊዜ ለአገሩ ተጫወተ። ስኮትላንድ ከ1998 በኋላ ወደ ትልቅ ውድድር የተመለሰችው በ2021 ነው፤ እርሱ ማልያውን ከሰቀለ በኋላ። ሠፈር ሜዳ ሦስት ፍጻሜ ዜሮ ደቂቃ ብለሃል፤ በእርሱ ላይ 80 ጨዋታ ዜሮ ውድድር ጨምርበት። አሁን ማክቶሚናይ ሲዘል የሚጨበጨብበት ሜዳ ላይ ሌላው ለአሥራ አራት ዓመት ሲሮጥ ኖሯል።

ሰማያዊው፦

ይህ ሰው የተረገመ ነው እንዴ?

ቁጥር 24፦

የተረገመ ሰው በአንድ ደርቢ ሁለት አያገባም። መስከረም 2009፣ ሲቲ ላይ 4 ለ 3። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ኦወን በ96ኛው ደቂቃ ያገባትን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ዩናይትድን ወደ መሪነት የመለሰው ማን ነበር? ፍሌቸር፣ ሁለቱንም በግንባሩ፣ ሁለቱንም ከጊግስ እግር። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ አስገቡት። ሮም ያልሄደው ሰው ከአራት ወር በኋላ የነበረበት ደረጃ ይህ ነበር።

ሮምንም ላንሣ። ካሪክ፣ አንደርሰንና ጊግስ መሐል ሜዳ ቆሙ፤ የባርሴሎናው ኤቶ በ10ኛው ደቂቃ አገባ፤ ከዚያ በኋላ ኳሷን ዣቪና ኢኒየስታ ወሰዷት። ፍሌቸር ቢኖር…

መድፈኛው፦

ፍሌቸር ቢኖርም ያው 2 ለ 0 ይሸነፉ ነበር። ያንን ባርሴሎና አንድ ሰው አያቆመውም። ይህን “ቢኖር” የሚባል ነገር ተዉት፤ እኛ አርሰናሎች በ“ቢኖር” ስንት ዋንጫ አንሥተናል።

ሽበት፦

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልክ ብለሃል። ነገር ግን መሸነፍም በራሱ ሜዳ ላይ ሆኖ ሲሸነፉት ሌላ ነው።

ነጭ ጋዋን፦

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ዌምብሌይን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፋችሁት ሄዳችሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ሰውየው በዚያ ጊዜ ታማሚ ነበር። በ2011 መጀመሪያ ላይ ቫይረስ ነው ተብሎ ከሜዳ ጠፋ፤ ተመለሰ፤ በኅዳር ወር ቤንፊካ ላይ ግብ እንኳን አገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ክለቡ ዕረፍት መውጣቱን አስታወቀ፦ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ።

በቀላሉ ልንገራችሁ። የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን ትልቅ አንጀት የውስጠኛ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ውጤቱ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ፋታ የማይሰጥ የመጸዳጃ ጥሪ፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ ድካም ነው። ይነሣል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሣል። ተላላፊ አይደለም፤ በንጽሕና ጉድለት የሚመጣም አይደለም። በሥራዬ የማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ አሜባ ነው ተብለው ተመላልሰው መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ነው የሚደርሱን። መድኃኒት ያረጋጋዋል፤ እምቢ ሲል ቀዶ ሕክምና አለ።

አሁን ይህንን ሕመም ይዞ መሐል አማካይ መሆንን አስቡት። አጥቂ ቆሞ ኳስ ሊጠብቅ ይችላል። አማካይ ግን ሥራው መሮጥ ነው። ፍሌቸር ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ለረጅም ጊዜ ለቡድን ጓደኞቹ አልነገራቸውም፤ ሰበብ እየፈጠረ ነበር የሚያልፈው።

በመስከረም 2012 ተመለሰ። አልሆነም። በጥር 2013 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የዚያ ዓመት ጨዋታው በዚያው አበቃ። ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ቪላ ፓርክ ላይ ተቀይሮ ሲገባ ዩናይትድ አስቀድሞ እያሸነፈ ነበር፤ የተጓዙት ደጋፊዎች ግን ግብ እንደገባ ነው የጮኹት። እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴ ነው የሚያየው። ያን ቀን ግን ከወጥ ቤት ወጥቼ ቆሜ አየሁት።

ስሜን አልናገርም፦

እኅቴ ነጭ ጋዋን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ በዚህ ስም አዲስ የከፈትኩት ለዚህ መልስ ብቻ ነው።

በሽታው አለብኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ታክሲ ነው፤ በመንገዱ ላይ የማውቃቸው መጸዳጃ ቤቶች አራት ናቸው፦ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ ኬክ ቤትና ጥበቃው የሚያውቀኝ አንድ ሕንፃ። ኬክ ቤቱ ሰኞ ይዘጋል። ሰኞ ሰኞ ቁርስ አልበላም። ሰው ስለ ሰፈሩ ካርታ ሲያስብ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ አደባባይ ያስባል። የእኔ ካርታ አራት በር ነው።

መሥሪያ ቤት ስሙን የማልጠቅሰው አለቃዬ “አንተ ከወንበርህ ይልቅ ኮሪደሩን ታውቀዋለህ” ብሎ ሰው ፊት ቀለደብኝ። አብሬ ሳቅሁ። ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው አልኩ። ለስድስት ዓመት ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው።

ፍሌቸርን የማውቀው በቀይ ካርዱ አይደለም። አንድ ሌሊት ሕመሜን በስልኬ ስፈልግ የእርሱ ፎቶ መጣ። ሰባ ሺህ ሰው ፊት የሚሮጥ ሰው ነው የደበቀው፤ እኔ አሥራ ሁለት ሰው ፊት መደበቄ ገረመኝ።

ሠፈር ሜዳ፦

ወንድሜ፣ ክሩን ስከፍት እዚህ እንደሚደርስ አላሰብኩም። ስለጻፍክ አመሰግናለሁ።

ነጭ ጋዋን፦

ወንድሜ፣ ካልከበደህ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ። ሰኞ ቁርስ አለመብላት ሕክምና አይደለም፤ ሳቅ እንዳይመስልህ፣ ስለዚህ ነገር በቁም ነገር መነጋገር አለብን።

ክላይድ ዳር፦

እኔ አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ፤ እዚህ መሽቷል። በየካቲት 2015 ወደ ዌስት ብሮም ሲሄድ ብዙ ሰው ጡረታ ነው አለ። አሠልጣኙ ቶኒ ፑሊስ እንደገባ አምበል አደረገው። በቀጣዩ ሙሉ የውድድር ዓመት ስንት የሊግ ጨዋታ ተጫወተ? ከ38ቱ 38። በሚቀጥለውስ? ከ38ቱ 38። ሠላሳን ያለፈ፣ ያ ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያለፈበት ሰው፣ ሁለት ዓመት አንድም ጨዋታ አላለፈውም። ስቶክ ሄዶ በ2018 ከሊጉ ወረደ፤ እርሱንም አልሸሸገም። ኋላ ወደ ዩናይትድ ተመለሰ፤ በ2021 የክለቡ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ስለ ትልልቅ ፍጻሜዎች ስታወሩ ነበር። እኔ 76ቱን ነው የማስበው። አብዛኞቹን ማንም አያስታውሳቸውም፤ በዝናብ፣ ከሁልም ከበርንሌይም ጋር።

ቁጥር 24፦

76 ከ76። ይህን ነገ ለአሠልጣኜ እልካለሁ፤ ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቼ ነበር።

ሽበት፦

ጉንፋን! ውሸታም። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ መድረክ ላይ ስትጨቃጨቅ አይቼሃለሁ።

ሠፈር ሜዳ፦

ዛሬ ጠዋት ለዚያ ለልጁ ኤምሬትስን አሳየሁት፤ ሙሉውን አይደለም፣ ከ74ኛው ደቂቃ ጀምሮ ብቻ። ምንም ሳልነግረው። ፋብሬጋስ ሲያመልጥ ስክሪኑ ላይ ጣቱን አድርጎ “ይህ ከኋላ የሚሮጠው ማን ነው?” አለ። ፍሌቸር አልኩት። “እየመሩ አይደለም እንዴ?” አለ። እየመሩ ነው አልኩት። “ታዲያ ለምን ይሮጣል?” አለና ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ከፈተው። ሦስት ጊዜ አየው። ቅጣት ነው ይላል።

መድፈኛው፦

በዝግታ አድርገህ አሳየው። መጀመሪያ የምትንቀሳቀሰው ኳሷ ናት፤ ቀጥሎ ነው የፋብሬጋስ እግር። ይህን ስጽፍ አርሰናል መሆኔን ረስቼ አይደለም። ለምን እንዳልተወው ግን አሁንም አልነገራችሁኝም።